«እስማማለሁ» ከመጫንዎ በፊትና በኋላ፦ የሶፍትዌር ፈቃድ ስምምነትን የማንበቢያና ሳይታወቅ የሚወጣ ዳታን የማስቆሚያ ዝርዝር መመሪያ

በወሎ ከተሞች፣ ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ፣ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በሞባይል ጥቅል ነው፤ ላፕቶፕ ያለውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ ነው የሚሠራው። እንዲህ ባለ አጠቃቀም እያንዳንዱ ሜጋባይት ዋጋ የተከፈለበት ነው፤ ወደ ስልኩ የሚገባውም ከስልኩ የሚወጣውም ያው ከጥቅሉ ይቀነሳል። ይሁን እንጂ ብዙ ሶፍትዌሮች በረጅም የእንግሊዝኛ የፈቃድ ስምምነታቸው ውስጥ የተጠቃሚውን መስመር ለራሳቸው ወይም ለሦስተኛ ወገን ሥራ ለማዋል የሚያስችል አንቀጽ ያስገባሉ፤ ተጠቃሚው «እስማማለሁ» የሚለውን በተጫነ ጊዜም ይህንን ሁሉ እንደፈቀደ ይቆጠራል። ይህ መመሪያ ያንን አንቀጽ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል፣ መስመሩ በእርግጥ ለሌላ ሥራ እየዋለ መሆኑን እንዴት መለካት እንደሚቻል፣ እንዴት እንደሚቆረጥና ቅሬታ እንዴት እንደሚቀርብ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ነገሩ የሚፈጸምባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ተጠቃሚዎችን እርስ በርሳቸው አከፋፋይ ማድረግ ነው። ኩባንያው አንድን ፋይል ከራሱ ሰርቨር ለእያንዳንዱ ሰው ከመላክ ይልቅ፣ ቀድሞ ያወረደው ሰው ኮምፒውተር ለሌሎች እንዲያቀብል ያደርጋል፤ በዚህም የኩባንያው የሰርቨር ወጪ ይቀንሳል፣ የመላኪያው ዋጋ ግን ወደ ተጠቃሚው ጥቅል ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረው ስካይፕ ለዓመታት በዚህ ስልት ይጠቀም ነበር፤ ጥሩ መስመር ያለው የአንድ ተጠቃሚ ኮምፒውተር የሌሎችን ግንኙነት የሚያስተላልፍ መገናኛ ሊሆን ይችል ነበር፣ የፈቃድ ስምምነቱም የኮምፒውተሩን ፕሮሰሰርና የመስመር አቅም ለዚህ ተግባር ለመጠቀም የሚያስችል አንቀጽ ነበረው። ይህ የማስተላለፍ ሥራ ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨሮች የተዛወረው በ2012 ነው። በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10ም የቤትና የፕሮ እትሞቹ ያወረዱትን ማሻሻያ በኢንተርኔት ላይ ላሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች እንዲያቀብሉ አድርጎ፣ ምርጫውን አስቀድሞ ከፍቶ ነበር የመጣው።

ሁለተኛውና የከፋው መንገድ የተጠቃሚውን መስመር ማከራየት ነው። በዓለም ላይ ከአንድ አገር ቤት ወይም ስልክ የሚነሣ የሚመስል ግንኙነት የሚፈልጉ ደንበኞች አሉ፤ አንዳንዶቹ የገበያ ዋጋ የሚሰበስቡ ድርጅቶች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ማንነታቸውን የሚሸሽጉ አጭበርባሪዎች ናቸው። ነጻ የሚባለው ፕሮግራም ስልክዎን መተላለፊያ አድርጎ ለእነዚህ ሰዎች ያቀርበዋል። ሆላ የተባለው ነጻ ቪፒኤን (ግንኙነትን በሌላ ቦታ ባለ መሣሪያ በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) የነጻ ተጠቃሚዎቹን መስመር ሉሚናቲ በተባለ አገልግሎት በኩል ለሌሎች ይሸጥ እንደነበረ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2015፣ አንድ ድረ ገጽ በዚያ መረብ በኩል ከተጠቃ በኋላ ነው፤ ሉሚናቲ በ2021 ስሙን ወደ ብራይት ዳታ ቀይሯል። በሜይ 2024 ደግሞ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር 911 ኤስ5 የተባለ መረብ መበተኑን አስታወቀ። ይህ መረብ ማስክ ቪፒኤን፣ ዲው ቪፒኤን፣ ፓላዲን ቪፒኤን፣ ፕሮክሲ ጌት፣ ሺልድ ቪፒኤን እና ሻይን ቪፒኤን በተባሉ ፕሮግራሞች አማካይነት ከ19 ሚሊዮን በላይ የአይፒ አድራሻዎችን (መስመር በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅባቸውን ቁጥሮች) ለወንጀለኞች አከራይቶ ነበር።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ በተገደቡበት ወቅት ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ነጻ ቪፒኤን ጭኗል፤ ከዚያ ወዲህም ብዙው አላጠፋውም። አሁንም ቢሆን አሮጌውን ስልክ ከፍቶ ዝርዝሩን የሚያይ ሰው ሁለትና ሦስት ቪፒኤን ተኝቶ ቢያገኝ አይደንቅም።

በሁለተኛው መንገድ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ሰው ከሚገምተው እጥፍ ነው። ደንበኛው የሚፈልገው ገጽ መጀመሪያ ወደ እርስዎ ስልክ ይወርዳል፣ ከዚያም ከእርስዎ ስልክ ወደ ደንበኛው ይወጣል፤ ስለዚህ ለሌላ ሰው የተላለፈ 1 ጊጋባይት ከጥቅልዎ 2 ጊጋባይት ያህል ይቀንሳል። ከቆጣሪዎ ላይ ሳይጠይቅ መስመር የቀጠለ ጎረቤት የሚያስከፍልዎ የመብራት ሂሳብ ብቻ ነው፤ በአይፒ አድራሻዎ የሚነገድ ሶፍትዌር ግን ሌላው ሰው የፈጸመው ማጭበርበር ከእርስዎ መስመር የተነሣ እንዲመስል ያደርጋል።

አንደኛ ደረጃ፦ የተስማማው ማን እንደሆነ ይለዩ

ስለ ፈቃድ ስምምነት የሚጻፉ ምክሮች ሁሉ «ከመስማማትዎ በፊት ያንብቡ» ይላሉ። በእኛ አካባቢ ግን በአብዛኛው የተስማማው ባለቤቱ አይደለም። ላፕቶፑ ሲገዛ ወይም ፎርማት ሲደረግ ባለሙያው ከፍላሹ ላይ ቪዲዮ ማጫወቻውን፣ ማውረጃውን፣ የፊደል መጻፊያውንና ሌላውንም በአንድ ትንፋሽ ይጭናል፤ የስምምነቱ መስኮት ብቅ ሲል «ኔክስት፣ ኔክስት» ብሎ ያልፈዋል። አፕ ከጓደኛ በዜንደር ወይም በሼርኢት ሲመጣ፣ ወይም ከቴሌግራም ቻናል ሲወርድ፣ ስምምነቱ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። በተለይ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም የክፍያ መቆለፊያው የተሰበረ፣ ፕሮግራም ሲሆን ከማን ጋር እንደተስማሙ እንኳ አይታወቅም፤ ክራኩን የሠራው ሰው ምን እንደጨመረበት የሚገልጽ አንዳች ጽሑፍ የለም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ በመቀመጥ ነው። በስልክዎ «ሴቲንግስ» ወይም «ቅንብሮች» ውስጥ ያለውን የአፖች ዝርዝር፣ በኮምፒውተርዎ ደግሞ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ይክፈቱና እርስዎ ራስዎ ያልጫኑትን እያንዳንዱን ስም ይጻፉ። ከስሙ ጎን ማን እንደጫነው፣ ከየት እንደመጣና ለምን ሥራ እንደሚያገለግልዎ ያስፍሩ። ሦስተኛው ቦታ ባዶ የቀረበት ፕሮግራም ሁሉ ሳይመረመር የሚጠፋ ነው፤ የማያገለግልዎን ነገር ስምምነት ለማንበብ መድከም አያስፈልግም።

ፎርማት አድራጊው ዘንድ ሲሄዱም አስቀድመው ይናገሩ። የሚፈልጓቸውን ፕሮግራሞች በስማቸው ይዘርዝሩ፣ ከዚያ ውጭ ምንም እንዳይጫን ይጠይቁ፤ በሚጫንበት ጊዜም ፈጣኑ ሳይሆን «ከስተም» ወይም «አድቫንስድ» የሚለው መንገድ ተመርጦ፣ ተጨማሪ ፕሮግራም የሚያስከትሉት ምልክቶች እንዲነሡ ያድርጉ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ስምምነቱን ሙሉውን ሳይሆን ወሳኙን ያንብቡ

ስምምነትን ሰው እንደማያነብ ኩባንያዎቹ ያውቃሉ። ፒሲ ፒትስቶፕ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ይህንን ለማሳየት በራሱ የፈቃድ ስምምነት ውስጥ፣ አንቀጹን አንብቦ ለጻፈለት ሰው ገንዘብ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ቃል አስገብቶ ነበር፤ 1,000 ዶላሩን የወሰደው ሰው የተገኘው ከአራት ወራትና ከ3,000 በላይ ሰዎች ፕሮግራሙን ከወሰዱ በኋላ ነው። እንግሊዝኛ አፍ በፈቱበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ደሴ ላይ በሁለተኛ ቋንቋው ሃያና ሠላሳ ገጽ የሕግ እንግሊዝኛ ያላነበበን ሰው መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ጽሑፉ እንዳይነበብ ሆኖ የተጻፈ መሆኑን ተቀብሎ፣ በብልሃት መፈለግ ይሻላል።

ስምምነቱን በኮምፒውተር ይክፈቱና የ«ኮንትሮል» እና የ«ኤፍ» ቁልፎችን አብረው በመጫን የቃል መፈለጊያውን ያውጡ፤ በስልክ ከሆነ በክሮም ምናሌ ውስጥ «ፋይንድ ኢን ፔጅ» የሚለውን ይጠቀሙ። ከዚያም እነዚህን የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ በአንድ ይፈልጉ፦ ባንድዊድዝ (bandwidth)፣ ፒር (peer)፣ ኖድ (node)፣ ፕሮክሲ (proxy)፣ አይድል (idle)፣ ሪሶርስስ (resources)፣ ፕሮሰሰር (processor)፣ አይፒ አድሬስ (IP address)፣ ሰርድ ፓርቲ (third party)። «አይድል» የሚለው ቃል ከሁሉም በላይ ሊያስጠረጥርዎ ይገባል፤ መሣሪያው ሥራ ፈትቶ ባለበት ሰዓት አቅሙን እንጠቀምበታለን የሚለው ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ቃል አጠገብ ይገኛል። ቃሉ በተገኘበት ቦታ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ያንብቡ፣ ወይም ገልብጠው በመተርጎሚያ ያስተርጉሙትና እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ያስተያዩ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም በኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ልጅ ያለበት ቤት ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

የመስመር አጠቃቀሙ አንቀጽ ብቻውን አይመጣም፤ አደገኛ የሚያደርጉት አብረውት የሚሄዱት ሌሎች አንቀጾች ናቸው። አንደኛው ኩባንያው ውሉን በፈለገ ጊዜ ብቻውን እንዲለውጥ፣ እርስዎም መጠቀምዎን ከቀጠሉ አዲሱን ውል እንደተቀበሉ እንዲቆጠር የሚያደርገው ነው፤ ይህ ባለበት ዛሬ ንጹሕ የሆነ ስምምነት ነገ መስመር የሚያከራይ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሳይጠይቅ ማሻሻያ የመጫን ሥልጣን ነው። ሦስተኛው ተጠያቂነትን የሚያዞረው ነው፦ ኩባንያው ሶፍትዌሩን «እንዳለ» እንደሚያቀርብ፣ ለደረሰው ጉዳት እንደማይጠየቅ፣ ይልቁንም ከእርስዎ መሣሪያ በመነጨ ነገር ሌላ ሰው ቢከሰው ወጪውን እርስዎ እንደሚሸፍኑ ይገልጻል። መስመርዎን ለማያውቁት ሰው ከፍቶ፣ ያ ሰው ለሚያደርሰው ጥፋት ደግሞ እርስዎን ዋስ የሚያደርግ ውል በእኔ ግምት ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሁለቱን አንቀጾች በአንድ ስምምነት ውስጥ ካገኙ ሌላውን ሳያነቡ ይተዉት። አራተኛው ክርክር ቢነሣ በውጭ አገር ፍርድ ቤት ወይም በግልግል ዳኝነት ብቻ እንዲታይ የሚወስነው ሲሆን፣ ከወሎ ተነሥቶ ለመቶ ብር ጥቅል እዚያ ድረስ የሚከራከር ሰው እንደማይኖር ታስቦ የተጻፈ ነው።

መስመር የሚጋራ ሁሉ ግን አታላይ አይደለም። የቶሬንት ፕሮግራሞች የሚሠሩት በመቀባበል እንደሆነ ይታወቃል፣ የመላኪያውን መጠን መገደቢያም አላቸው። ሃኒጌን የመሳሰሉትም መስመርዎን እንደሚያጋሩና ለዚያ እንደሚከፍሉ ፊት ለፊት ይናገራሉ። ያም ሆኖ በጥቅል ለሚኖር ሰው አይመከሩም፤ መስመር ማካፈል ትርጉም የሚኖረው ያልተገደበ መስመር ላለው ነው፣ እሱም ቢሆን ከአቅራቢው ጋር የገባው ውል መልሶ መሸጥን የማይከለክል ከሆነ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ይለኩ

ስምምነቱን ማንበብ ምን እንደተፈቀደ ይነግራል፤ ምን እየተደረገ እንደሆነ የሚነግረው መለኪያ ነው። ቀላሉ ፈተና በማታ የሚደረግ ነው። ከመተኛትዎ በፊት የከፈቷቸውን አፖች ሁሉ ይዝጉ፣ ዳታውን ግን ክፍት ይተዉት፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ በ*804# ቀሪ ጥቅልዎን አይተው ይጻፉ፤ ጠዋት ምንም ሳይከፍቱ ደግመው ይዩ። መልእክት መቀበያዎችና ኢሜይል ሌሊቱን ጥቂት ሜጋባይት ቢወስዱ ያለ ነው። ልዩነቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ከሆነ ግን አንድ ነገር እየሠራ ነው፤ በራሱ የሚወርድ የአፕ ማሻሻያ ወይም የፎቶ ባክአፕ ሊሆን ስለሚችል፣ እነዚህን ከፕሌይ ስቶርና ከፎቶ አፑ ቅንብር አጥፍተው ፈተናውን ይድገሙት።

በአንድሮይድ ስልክ «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያም «ዳታ ዩሴጅ» የሚለውን ሲከፍቱ አፖቹ በበሉት ዳታ ልክ ተደርድረው ይመጣሉ፤ በሳምሰንግ ስልኮች ይኸው ዝርዝር «ኮኔክሽንስ» ከሚለው ሥር ነው። የአንዱን አፕ ስም ሲነኩ ከፊት ሆኖ የተጠቀመውና ከበስተጀርባ የተጠቀመው ተለይቶ ይታያል። እጅዎ ካልነካው አፕ ላይ የበስተጀርባው ቁጥር ከፍ ብሎ ከተገኘ ተጠርጣሪው እሱ ነው። የዋይፋዩ ቁጥር ለብቻው ስለሚቆጠር፣ በሆትስፖት ወይም በራውተር የሚጠቀም ሰው ሁለቱንም ማየት አለበት።

ኮምፒውተር ላይ ያለው መለኪያ የበለጠ ይናገራል፣ የሚወጣውንና የሚገባውን ለይቶ ያሳያልና። በደሴ ፒያሳ አካባቢ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የምትሠራ አንዲት እናት «ወንድምዓለም፣ ጠዋት የሞላሁት ጥቅል ሳልነካው አለቀ» ብላ ላፕቶፑን ሰጠችኝ። ሆትስፖቷን ከፍተን፣ ብራውዘሩን ዘግተን፣ ታስክ ማኔጀርን ከፈትን፤ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ክፍል በኩል «ሪሶርስ ሞኒተር» ውስጥ ገባንና «ኔትወርክ» የሚለውን መረጥን። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም በሰከንድ ስንት ባይት እንደሚልክና እንደሚቀበል ይታያል። ማንም ምንም ሳይነካ፣ የማሻሻያ አገልግሎት የሚመስል ስም ያለው አንድ ፕሮግራም በ«ሴንድ» ረድፍ 60,000 አካባቢ፣ በ«ሪሲቭ» ረድፍም ከዚያ ብዙም ያልራቀ ቁጥር ይዞ ይወጣ ይወርድ ነበር። ወደ ታስክ ማኔጀር ተመልሰን ስሙን በቀኝ ጠቅታ ነክተን የተቀመጠበትን ፎልደር ስናይ፣ ፎርማት ሲደረግ አብሮ የተጫነ የነጻ ቪዲዮ ማውረጃ ፎልደር ሆኖ ተገኘ፤ የፈቃድ ስምምነቱ ፋይልም እዚያው ተቀምጦ፣ ኮምፒውተሩ ሥራ በፈታ ጊዜ መስመሩን «ለአጋሮች» ማዋል እንደሚቻል በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገልጽ ነበር።

ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረባቸው ዋናው ምልክት ነው። ገጽ የሚያነብ ወይም ቪዲዮ የሚያይ ሰው የሚቀበለው ከሚልከው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሚገባውና የሚወጣው እኩል ለእኩል ሲሄድ መሣሪያው ተቀብሎ የሚያቀብል መተላለፊያ ሆኗል ማለት ነው። የሚወጣው ብቻውን ገንኖ ከታየ ደግሞ ፋይል የማከፋፈል ሥራ ወይም ባክአፕ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩን ወደ ጥቅል መለወጥም ከባድ አይደለም። በሰከንድ የታየውን ባይት በ3,600 ሲያባዙ የአንድ ሰዓቱ ይወጣል፤ 60,000 ባይት በሰዓት 216 ሜጋባይት ነው፣ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ከ1.7 ጊጋባይት ያልፋል፣ ይህም የመላኪያው ብቻ ነው፣ መቀበያው ሲጨመር እጥፍ ይጠጋል። በሰከንድ 12,500 ባይት ብቻ የሚወስድ፣ ዓይን የማይገባ የሚመስል ፕሮግራም እንኳ ቀንና ሌሊት ከሠራ በቀን 1 ጊጋባይት ገደማ ይበላል።

አራተኛ ደረጃ፦ ይቁረጡ

ቅሬታ ለማቅረብ ካሰቡ ከማጥፋትዎ በፊት በአምስተኛው ደረጃ የተገለጸውን ማስረጃ ይያዙ። በስልክ ላይ የተጠረጠረውን አፕ ማጥፋት የመጀመሪያው ነው። «አጥፋ» የሚለው አልሠራ ካለ አፑ የመሣሪያ አስተዳዳሪነት ሥልጣን ወስዶ ሊሆን ይችላል፤ በ«ሴኪዩሪቲ» ክፍል ውስጥ የመሣሪያ አስተዳዳሪ አፖችን ዝርዝር ከፍተው ሥልጣኑን ይንሡትና እንደገና ያጥፉት። በስልኩ አናት ላይ የቁልፍ ምልክት ሳያስቡት የሚታይ ከሆነ አንድ ቪፒኤን እየሠራ ነው፤ በ«ቪፒኤን» ቅንብር ውስጥ የተመዘገቡትን አይተው የማያስፈልጉትን ያስወግዱ። ሊያጠፉት የማይፈልጉት፣ ግን የበስተጀርባ ዳታ የሚያበዛ አፕ ካለ፣ በዳታ አጠቃቀም ገጹ ላይ የ«ባክግራውንድ ዳታ»ን ማብሪያ ይዝጉበት። ስልኩን በሙሉ ለመገደብ «ዳታ ሴቨር»፣ በአማርኛው ቅንብር «ውሂብ ቆጣቢ» የሚለው አለ። ከዚህ በላይ ቁጥጥር የሚፈልግ ሰው ኔትጋርድ የተባለውን ምንጩ ክፍት የሆነ ፋየርዎል (የግንኙነት መከልከያ) መጠቀም ይችላል፤ ለእያንዳንዱ አፕ ዳታና ዋይፋይን ለየብቻ ይከለክላል፣ የስልኩን የቪፒኤን ቦታ ስለሚይዝ ግን ከሌላ ቪፒኤን ጋር አብሮ አይሠራም።

በዊንዶውስ ላይ መጀመሪያ የሆትስፖቱን ግንኙነት የተቆጠረ መስመር አድርገው ያስመዝግቡ። ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ የስልክዎን ሆትስፖት ከተራ ዋይፋይ ለይቶ አያውቅም፤ ያልተገደበ መስመር መስሎት እንደልቡ ይሠራበታል። ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኙ «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ዋይፋይ»፣ ከዚያ የግንኙነቱን «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ይህ ምርጫ ለእያንዳንዱ ሆትስፖት ለየብቻ ስለሚሆን፣ የልጅዎን ወይም የባልደረባዎን ስልክ ሲጠቀሙ መድገም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የዊንዶውስን ማቀባበያ ይዝጉ። በዊንዶውስ 10 «አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ፣ በዊንዶውስ 11 ደግሞ በ«ዊንዶውስ አፕዴት» ሥር ባለው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውን ያገኛሉ። ከመዝጋትዎ በፊት «አክቲቪቲ ሞኒተር»ን ይክፈቱ፤ ኮምፒውተርዎ በዚያ ወር በኢንተርኔት ላይ ላሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች ምን ያህል እንደላከ እዚያ ተጽፎ ያገኙታል። በአንድ ቢሮ ብዙ ኮምፒውተር ያለው ሰው በራሱ የውስጥ መረብ መቀባበልን ቢተወው ይጠቅመዋል፣ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ደግመው አያወርዱምና፤ ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው ምርጫ ግን መዘጋት አለበት።

የተጠረጠረውን ፕሮግራም ካጠፉ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩና ሪሶርስ ሞኒተርን ደግመው ይዩ። ዋናው ፕሮግራም ሲጠፋ መስመር የሚያከራየው ክፍል በአገልግሎት ወይም በታቀደ ሥራ መልክ ሊቀር ይችላል፤ ከ«ስታርትአፕ»፣ ከ«ሰርቪስስ» እና ከ«ታስክ ስኬጁለር» ዝርዝሮች ይፈልጉት። የዊንዶውስ ፋየርዎል ወደ ውጭ የሚወጣውን ሁሉ ካልተከለከለ በስተቀር እንደሚያሳልፍም ይወቁ፤ አንድን ፕሮግራም እንዳይወጣ ለማድረግ በፋየርዎሉ «አድቫንስድ» ክፍል «አውትባውንድ ሩልስ» ውስጥ አዲስ ደንብ ፈጥረው፣ የፕሮግራሙን ፋይል አመልክተው፣ «ብሎክ» የሚለውን ይመርጣሉ። የብራውዘር ኤክስቴንሽኖችንም (በብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትናንሽ ፕሮግራሞችን) አይርሱ፤ ሆላ ራሱ በኤክስቴንሽን መልክ በብዙ ብራውዘር ላይ ነበር።

በላሊበላ ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎችና በየከተማው ያሉ ካፌዎች የቴሌቪዥን ቦክሶቻቸውንም ይመርምሩ። ስማቸው የማይታወቅ ርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶች አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ መስመር የሚያከራይ ሶፍትዌር የተጫነባቸው ናቸው፤ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው እንዲህ ያለ መረብ የአሜሪካው ኤፍቢአይ በጁን 2025 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እንዲህ ባለው መሣሪያ ላይ የሚጠፋ አፕ የለም፤ ከመረቡ መንቀል ብቻ ነው መፍትሔው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ማስረጃ ይያዙና ቅሬታ ያቅርቡ

ፕሮግራሙን ከማጥፋትዎ በፊት ማስረጃውን ያስቀምጡ። የሪሶርስ ሞኒተሩን ወይም የስልኩን የዳታ ገጽ ፎቶ ያንሡ፣ የፕሮግራሙን ስምና የእትም ቁጥር ይጻፉ፣ የስምምነቱን ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ገልብጠው ከነቀኑ በፋይል ያኑሩ። ይህ የመጨረሻው በጣም አስፈላጊ ነው፤ ሆላም እ.ኤ.አ. በ2015 ነገሩ በተጋለጠ ሰሞን በድረ ገጹ ላይ ያለውን ማብራሪያ አስተካክሎ ነበር፣ ቀድመው ያስቀመጡት ሰዎች ግን የቀድሞውን ማሳየት ችለዋል።

ሕጉ ባዶ እጅዎን አይተውዎትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1686 አንድ ነጋዴ የሚጠቀምበት አጠቃላይ የውል ደንብ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው፣ ያ ወገን አውቆ የተቀበለው ወይም በመንግሥት ባለሥልጣን የተደነገገ ወይም የጸደቀ ሲሆን እንደሆነ ይናገራል። በቁጥር 1738 ደግሞ አንዱ ወገን አዘጋጅቶ ያቀረበው ውል አጠራጣሪ ሲሆን ለሌላው ወገን በሚጠቅም መልኩ እንዲተረጎም ያዛል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል ዳታን ጉዳይ የሚገዛ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እነዚህ ሕጎች በውጭ አገር የተቀመጠን ኩባንያ በአንድ ቀን ያስቀጣሉ ማለት አይደለም፤ አገር ውስጥ ሶፍትዌሩን ሸጦ ወይም ጭኖ ገንዘብ የተቀበለውን ሰው ለመጠየቅ ግን ጠቃሚ ናቸው።

ስለዚህ ቅሬታው እንደ ጥፋተኛው ይለያያል። አፑ ከፕሌይ ስቶር የመጣ ከሆነ በአፑ ገጽ ላይ ባለው ምናሌ ሪፖርት ያድርጉ። የጫነው ወይም የሸጠው የአገር ውስጥ ነጋዴ ከሆነ በመጀመሪያ ለራሱ ይንገሩ፣ ብዙው ሳያውቅ ነውና የሚጭነው፤ አላርምም ካለ ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት መሥሪያ ቤት ያመልክቱ። ጥቅሉን የሚያጎድለው መሣሪያዎ አለመሆኑን በማታው ፈተና ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ወደ ቴሌኮም አቅራቢዎ የደንበኞች አገልግሎት ይደውሉ፤ ያልተፈታ እንደሆነ ጉዳዩን ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ማቅረብ ይቻላል። በማመልከቻው ላይ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የፕሮግራሙን ስምና እትም፣ ከየት እንደተገኘና ማን እንደጫነው፣ የተለካበትን ቀንና ሰዓት፣ በሰከንድ የታየውን የመላኪያና የመቀበያ መጠን፣ ከጥቅሉ የጎደለውን፣ የስምምነቱን አንቀጽ ከነትርጉሙ፣ በመጨረሻም የሚጠይቁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስፍሩ፤ ፎቶዎቹን ያያይዙና አንድ ቅጂ ማኅተም አስደርገው ለራስዎ ያስቀሩ።